ብዙ ያፈራው ኦቾሎኒ

አባቴ ከሥራ ከተቀነሰ በኋላ በጅማ ዋና መንገድ ላይ መሄድ ተወ። ከሰፈራችን ከአወቱ መንደራ ተነስቶ ወደ ከተማው ገበያ፣ ወደ መርካቶ ሲወርድ እንኳ ውስጥ ለውስጡን፣ በወንዙ ዳር ያለውን ጭቃ መንገድ ይመርጥ ነበር። ጫማው በጭቃ ተለውሶ ሲመለስ እናቴ ውሃ ታቀርብለታለች። እኔ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አንዳንድ ቀን ከሩቅ አየዋለሁ፤ የሰው አጥር ተጠግቶ፣ ቶሎ ቶሎ እየተራመደ። አይቼ እንዳላየሁ ሆኜ በሌላ በኩል እዞር ነበር። እሱ በራሱ ያፍራል፤ እኔ ደግሞ እሱ ማፈሩን በማየቴ አፍራለሁ።

ከሸዋ በወጣትነቱ መጥቶ በመንግሥት የቡና መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። መንግሥት ሲለወጥ መሥሪያ ቤቱ ታጠፈ። የተረፈው ክፍል ደግሞ በኦሮምኛ የሚጽፍ ሰው ፈለገ። አባቴ ኦሮምኛ አቀላጥፎ ይናገራል፤ ከገበሬው ጋር ሲጫወት ከሸዋ የመጣ መሆኑን የሚለይ ሰው አልነበረም። በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ መጻፍ ግን አይችልም፤ በዚያ ዕድሜው መማርም አልፈለገም። የስንብት ደብዳቤውን ተቀብሎ ወጣ። ማንም አልሰደበውም። እሱ ግን በአደባባይ የተሰደበ ያህል አንገቱን ደፍቶ ቀረ።

ዓመታት አለፉ። ሞባይል ስልክ በከተማችን ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ እኔ በግብርና ኮሌጅ ሁለተኛ ዲግሪዬን ጀመርኩ። ቤታችን ውስጥ ትልቅ ነገር ነበር። አባቴ በምን ላይ እንደምመራመር ሲጠይቀኝ ግን ልነግረው ተሳቀቅሁ። ስለ ቡና የሚጠናውን ሌሎች ተማሪዎች ቀድመው ተከፋፍለውታል። ለእኔ የደረሰኝ ኦቾሎኒ ነው።

"ኦቾሎኒ?" አለ አባቴ። "መናኸሪያ በወረቀት ጠቅልለው የሚሸጡት?"

"አዎ አባባ።"

"የጅማ ልጅ ሆነህ?"

በነጋታው ከኮሌጁ ጥቂት የዱር ኦቾሎኒ ፍሬ በመዳፌ ይዤ መጣሁና ጠረጴዛ ላይ፣ ከገበያው ኦቾሎኒ አጠገብ አስቀመጥኩለት። ከውጭ አገር ለምርምር ተልኮልን የመጣ ነው። የገበያውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ወገቡ ሰርጎድ ያለ፣ ሁለት ፍሬ ጎን ለጎን የተኛበት። የዱሩ ሌላ ነው። ትንሽ፣ ቀጭን፣ እያንዳንዷ ፍሬ ለብቻዋ በራሷ ቅርፊት ውስጥ የተዘጋች፤ በአንዷና በሌላዋ መካከል ክር የመሰለ ነገር ብቻ አለ፤ እሱም ቶሎ ይበጠሳል። አባቴ መነጽሩን አድርጎ አገላብጦ አየው።

"ይሄም ኦቾሎኒ ነው?"

"ዘመዱ ነው።"

ዘመድ የምትለዋ ቃል ሳበችው። ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። ኦቾሎኒ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። እዚያ በዱር የሚበቅሉ ብዙ ዓይነቶች አሉ። በጥንት ዘመን ከእነሱ ሁለቱ ተገናኙ። አንደኛው በዚያ አገር ተራሮች ግርጌ በሰፊው የሚገኝ ነው፤ ሌላኛው ግን ከቅርብ ዘመዶቹ ርቆ በአንድ ጠባብ ስፍራ ብቻ የሚገኝ በመሆኑ፣ ምናልባት ወደዚያ ይዞት የመጣው ሰው ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ከሁለቱ አንድ ዲቃላ ተወለደ። እንዲህ ያለ ዲቃላ ወትሮ አያፈራም፤ ልክ እንደ በቅሎ። የዚያኛው ግን ክሮሞዞሙ በአጋጣሚ እጥፍ ሆነና አፈራ። እያንዳንዱ ወላጅ ሃያ ሃያ ነበረው፤ ልጁ አርባ ሆነ። ዛሬ ባቢሌም የሚዘራው፣ ጎጀብ በረሃ የሚዘራው፣ መናኸሪያ የሚሸጠውም ኦቾሎኒ የዚያ ልጅ ዝርያ ነው።

"የአንድ አባት ልጆች ናቸዋ ሁሉም" አለ አባቴ።

"አዎ። ለዚህ ነው አንዱን የሚይዘው በሽታ ሁሉንም የሚይዘው። ቅጠሉን እያጠቆረ የሚያረግፈው በሽታ ሲመጣ የሚቋቋም አይገኝም። የዱር ዘመዶቹ ግን ይቋቋሙታል።"

"ታዲያ መልሶ ማዳቀል ነው።"

"እምቢ ይላል። እሱ አርባ ነው፣ እነሱ ሃያ ናቸው። ቢወለድም መካን ይሆናል። እኔ የምሞክረው እሱን ነው።"

አባቴ ፍሬዎቹን ለረጅም ጊዜ ሲያያቸው ቆየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመናኸሪያው ነገር አላሾፈም።

ሥራው ትዕግስት ይጠይቃል። ኦቾሎኒ አበባው ሳይፈካ በፊት፣ እንደተዘጋ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ስለዚህ ወደ ማታ ላይ፣ በማግስቱ ጠዋት ሊፈካ የተዘጋጀውን እምቡጥ መርጬ በወረንጦ እከፍተውና የወንዴውን ክፍል ለቅሜ አወጣለሁ። ጠዋት የዱሩን አበባ ዱቄት አምጥቼ እቀባዋለሁ፤ ቀይ ክርም አስርበታለሁ። ከተሳካ ከአበባው ሥር መርፌ የመሰለ ነገር ወጥቶ ወደ መሬት ያጎነብሳል፤ አፈር ውስጥ ገብቶም ያፈራል። ትንሽ ከዘገየሁ ግን አበባው ራሱን አዳቅሎ ጨርሷል፤ የእኔ ክር ባዶ ጌጥ ነው። የኮሌጁ የላስቲክ ቤት ከሰዓት በኋላ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ሠራሁ።

ከቀይ ክሮቹ ስር የተገኘችውን ጥቂት ፍሬ መልሼ ዘራሁ። አድገው የሚነቀሉበት ቀን ሲደርስ አማካሪዬና ሌሎች ተማሪዎች ተሰበሰቡ። አማካሪዬ ሁልጊዜ የሚቸኩል፣ ደግ ሰው ነበር። የመጀመሪያውን ተክል ይዤ ስነቅለው ከአፈሩ ጋር ብዙ ፍሬ ተንዠርግጎ ወጣ። ሁለተኛውም እንደዚሁ። ሦስተኛውም። ቅጠላቸው ደግሞ አንድም ጥቁር ነጥብ የለበትም።

"ተሳካ!" አለ አማካሪዬ፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "አንዳንዴ እንዲህ ያጋጥማል። ዕድለኛ ነህ!"

አንዳንዴ እንደሚያጋጥም እኔም አንብቤ ነበር። ዲቃላው አልፎ አልፎ በራሱ ጊዜ ክሮሞዞሙን እጥፍ አድርጎ ጥቂት ፍሬ ሊሰጥ ይችላል። ያ የጥንቱ አጋጣሚ በእኔ እጅ የተደገመ መሰለኝ። ሥሩን በማይክሮስኮፕ አይቶ ክሮሞዞም መቁጠር ይገባ ነበር። ግን ለዚያ የሚያስፈልገው ኬሚካል ኮሌጁ አልነበረውም፤ ይመጣል እየተባለ ቆየ። ያንን ሁሉ ፍሬ ያየ ሰው ደግሞ መቁጠር ትርፍ ሥራ ይመስለዋል።

ለሚቀጥለው ዘር ካስቀረሁት የተረፈውን በፌስታል ቋጥሬ ቤት ወሰድኩ። እናቴ ልትቆላው ስትል አባቴ ቀማት።

"ዘር ይበላል እንዴ?" አላት። ወስዶም ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት።

በዚያው ሳምንት አባቴን በዋናው መንገድ ላይ አየሁት። ኮቱን ለብሶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ በመንገዱ መሐል ለመሐል ቀስ ብሎ ይሄዳል። ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ቆመ፤ ከባለቤቱ ጋር ተጨባበጠ። ከዚያ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ተሻገረ። ቆሜ አየሁት። ከተቀነሰ ጀምሮ እንዲህ ሲሄድ አይቼው አላውቅም።

ወሬው ከእሱ ፊት ፊት ሄደ። በማኅበርም፣ በእድርም፣ በለቅሶ ቤትም ስለ ኦቾሎኒው ይናገራል። ከሁለት የዱር ወላጆች ይጀምርና በእኔ ይጨርሳል። አንዳንዱን አሳስቶ ነው የሚናገረው፤ ሰው ግን ይሰማዋል። መናኸሪያ የሚሸጡት ሴቶች ሳልፍ ይጠሩኛል። "አዲሱ ኦቾሎኒ መቼ ነው የሚወጣልን?" ይሉኛል። እንደ ማፈር እያልኩ፣ ግን ደስ እያለኝ፣ "ገና ነው፣ በሂደት ላይ ነው" እላለሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ኮሌጁ ሥራውን ለእንግዶች አሳየ። ዘሩን በዚያ ክረምት ሜዳ ላይ ዘርቼው ነበር። ከምሥራቅ በኩል በኦቾሎኒ ምርምር ብዙ የሠሩ አንዲት ሴት ዶክተር ለግምገማ ተጋብዘው መጡ። ቤተሰብ መጋበዝ ስለተፈቀደልን አባቴም መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ፣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ደረሰ። እናቴ ራሷን አሟት ቀረች።

ተራዬ ሲደርስ እንግዶቹን ወደ መደቤ ወሰድኳቸው። ስለ ወላጆቹ፣ ስለ ዝምድናቸው፣ ስለ አርባና ሃያው ተናገርኩ። ከዚያ አንዱን ተክል ነቀልኩ። ፍሬው ተንጠልጥሎ ወጣ። ሰው "ውይ!" አለ። አጨበጨቡ።

ዶክተሯ አላጨበጨቡም። ተክሉን ከእጄ ተቀብለው ቅጠሉን ገለጡ። ከታች በኩል ጥቂት ጥቁር ነጠብጣብ ነበረበት። እኔም ከቀናት በፊት አይቼው፣ የጭቃ ፍንጣቂ ነው ብዬ አልፌው ነበር።

"የመጀመሪያዎቹ ዲቃላዎች ላስቲክ ቤት ውስጥ እንዴት ነበር ያፈሩት?" ብለው ጠየቁኝ፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነው።

"በጣም ብዙ ነው ያፈሩት።"

"ሁሉም?"

"ከአንዱ በቀር ሁሉም።"

"ክሮሞዞማቸውን ቆጠርክ?"

"አልቆጠርኩም። ኬሚካሉ አልነበረም።"

የሚናገሩትን እንዴት እንደሚናገሩት ሲያስቡ ይታያል። "ልጄ" አሉ፣ "ብዙ ማፍራቱ ነው ችግሩ። እውነተኛው ዲቃላ እንዲህ ሊያፈራ አይችልም። አልፎ አልፎ ቢያፈራ እንኳ አንድ ሁለት ነው። ይሄ እናቱ ራሷን አዳቅላ የወለደችው ነው። የተለመደው ኦቾሎኒ ነው፤ ላስቲክ ቤት ውስጥ በሽታው አልደረሰበትም እንጂ።"

ሜዳው ላይ ፀጥታ ወደቀ። አማካሪዬ ሳል ያዘው። በዚያ ፀጥታ ውስጥ ከኋላ አንድ ሰው ብቻውን ሲያጨበጭብ ተሰማ። አባቴ ነበር። ሩቅ ቆሞ ስለነበር ዶክተሯ ያሉትን አልሰማም። ያየው በዶክተሯ እጅ ያለውን፣ ፍሬ የተሸከመ ተክል ነው። ምስጋና መስሎታል። ፊቱ በርቶ፣ እጁን ከፍ አድርጎ ያጨበጭባል። ሌሎቹ ዞረው አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። እሱ ግን ማንም እንዳልተከተለው እስኪገባው ድረስ ማጨብጨቡን ቀጠለ። ከዚያ እጁን ቀስ ብሎ አወረደና ወደ ኪሱ ከተተው።

ስለዚያ ቀን ሳስብ ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

ሰዉ ወደ ሌላ መደብ ሲያልፍ ዶክተሯ ወደ ኋላ ቀሩ። "ያላፈራው አንዱ የት ነው?" አሉኝ። ላስቲክ ቤት ወሰድኳቸው። ደካማ ነው ብለን ከነመያዣው ከውሃ በርሜሉ ኋላ የገፋነው ነበር። ሳንነቅለው የቀረው ስለረሳነው ነው። መሬት ለመሬት እየተሳበ፣ ቅጠሉ ከሌሎቹ አነስ ብሎ፣ ቢጫ አበባ በአበባ ሆኗል። ወደ አፈር የወረደ አንድም መርፌ ግን የለውም። ዶክተሯ ጎንበስ ብለው አዩትና፣

"ምናልባት ልጅህ ይሄ ነው" አሉ። "ውሃ እንዳታሳጣው።"

ማጽናኛ ነበር። እኔ ግን የማስበው አባቴን በኮሌጁ በር ላይ ሳገኘው ምን እንደምለው ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ እንደ ሰሞኑ በዋናው መንገድ ወሰደኝ። ግማሽ መንገድ ስንደርስ ነገርኩት። ቆም አለ።

"የገበያው ነው?"

"የገበያው ነው አባባ።"

"ያ ሁሉ ፍሬ?"

"ያ ሁሉ ፍሬ።"

ጥቂት ከሄድን በኋላ ወደ ወንዙ በሚወስደው መታጠፊያ ታጠፈ። ተከተልኩት። ቤት ደርሰን ክራቫቱን ሲፈታ ቆየና ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ "ለሀጂ ሰጥቼዋለሁ" አለ።

"ምኑን?"

"ዘሩን። ሚያዝያ ላይ ሊሙ ስሄድ ግማሹን ወስጄ ሰጠሁት። ላስደስተው ብዬ ነው። ለአንተ በኋላ ልነግርህ ነበር።"

ሀጂ የአባቴ የድሮ ወዳጅ ናቸው፤ በሊሙ ገነት ዳርቻ ቡና አላቸው። አባቴ የቡና መሥሪያ ቤት ሳለ፣ ያመጡትን ቡና ሚዛን ሲመዘግብላቸው የተዋወቁ ናቸው። ከተቀነሰ በኋላ ቤታችን መምጣት ካልተዉት ጥቂት ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። በዓላችን ሲሆን ማር ይልካሉ፤ በዒድ አባቴ ይሄዳል።

መስቀል ካለፈ በኋላ አብረን ሄድን። አባቴ ብቻውን ሊሄድ ፈልጎ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። አጋሮ ላይ መኪና ቀየርን። መንገዱ በጎርፍ ተቦርቡሮ ስለነበር ሊሙ ገነት የገባነው ከቀትር በኋላ ነው። ሀጂ ከርቀት ሲያዩን ከቡናው ሥር ወጡ።

"ኮታ፣ ኮታ! ግቡ!" እያሉ አባቴን አቀፉት። እኔን ሲያዩ ግን ፊታቸው ተለወጠ። የደበቁት ነገር እንዳለ ሁሉ ዓይናቸውን አሸሹ።

ባለቤታቸው ዳቦና ማር አቀረቡልን። ሀጂ ግን መቀመጥ አልቻሉም። ተነሥተው፣ "ሳትበሉ በፊት ላሳያችሁ። ካልሆነ ዳቦው አይወርድልኝም" አሉና ወደ ጓሮ ወሰዱን።

የቡና ችግኝ ሊያፈሉበት ያዘጋጁትን መደብ ነው ለኦቾሎኒው የሰጡት። ጃርት እንዳይገባ ዙሪያውን በእንጨት አጥረውታል፤ አጥሩ የሰው ቤት ሊሆን ምንም አልቀረው። ውስጡ ያለው ኦቾሎኒ ግን ቅጠሉ ጠቁሮ፣ ጠቁሮ ረግፏል። ግንዱ ብቻ ራቁቱን ቆሟል። ሀጂ አንዱን ነቀሉ። ትናንሽ፣ ሳይሞሉ የቀሩ ፍሬዎች ነበሩ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ፣ ወደ እኔ ዞረው። "ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ወላሂ እንደ ልጅ ነው የጠበቅሁት። ጎረቤቱ ሁሉ ዘር ስጠን ሲለኝ፣ የወዳጄ ልጅ አደራ ነው ብዬ ከለከልኩ። ውሃ ይሆን ያበዛሁበት? አፈሩ ይሆን? አላህ ያውቃል። አንተ ያን ያህል ደክመህበት እኔ አበላሸሁት። በምን ዓይኔ ልይህ?"

እኔ ልናገር አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ።

"አንተ አይደለህም ሀጂ" አለ። "እኔ ነኝ። ዘሩን ሳመጣ ተሳስቼአለሁ። የልጁን ዘር ቁም ሳጥን ውስጥ ትቼ፣ ከገበያ የተገዛውን ነው የሰጠሁህ። ይኸው ይህንን ልነግርህ ነው የመጣሁት።"

ድንገት ዞሬ አየሁት። አባቴ ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እናቴ ለእንግዳ ብላ "አልራበኝም" ስትል እንኳ የሚቆጣ ሰው ነው። መሬት መሬት እያየ፣ ድምፁ ግን ሳይንቀጠቀጥ፣ የቢሮ ሪፖርት እንደሚያነብ ሰው ተናገረው። በአውቶብስ ውስጥ ዝም ብሎ ሲመጣ ይህንን ሲያዘጋጅ እንደነበር ገባኝ።

ሀጂ ከልባቸው ተነፈሱ። ከዚያ ሳቁ፤ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "አልሃምዱሊላህ! እኔ እኮ እንቅልፍ አጥቼ ነበር! አንተ ሽማግሌ! ዓይንህ ደከመ ማለት ነው!" አባቴን ትከሻውን መቱት። "በል፣ እውነተኛውን ዘር ላክልኝ። አጥሩ እንደሆነ አለ። ለሚመጣው ክረምት ከዚያ ማዶ ያለውንም ጨምሬ እዘራዋለሁ፤ ለጎረቤቱም አካፍላለሁ። ኢንሻአላህ!"

አባቴ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ወደ እኔ ግን አላየም።

ብዙ ጊዜ እንዳለፈ መሰለኝ እንጂ ወዲያው ነው የተናገርኩት። "ሀጂ፣ ሌላ ዘር የለም" አልኩ። "አባባ ያመጣልዎት የእኔው ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አዲስ ዘር ነው ያልነው አዲስ አይደለም፤ የገበያው ዓይነት ሆኖ ተገኘ። እርስዎ ያበላሹት ነገር የለም።"

የሀጂ ሳቅ ፊታቸው ላይ ቀዘቀዘ። እኔን አዩኝ፤ ከዚያ አባቴን። አባቴ የአጥሩን እንጨት ይዞ ቆሟል። እንደዚያ ሲያፍር፣ ሥራውን ያጣ ጊዜ እንኳ፣ አይቼው አላውቅም። ከሥራ ሲቀነስ የሠራው ጥፋት አልነበረም። አሁን ግን በወዳጁ ፊት ውሸታም ሆኖ ቆመ፤ ውሸታም ያደረግኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ የዋሸውም ለእኔ ነው።

"ያ ረቢ" አሉ ሀጂ በለሆሳስ። ከዚያ ወደ እኔ፣ "አንተ ራስህ የሠራኸውን እንዴት አላወቅከውም?"

ጥያቄው ቁጣ አልነበረበትም፤ ምናልባት አባቴን ላለማየት ነው የጠየቁኝ። እኔም አባቴን ላለማየት መለስኩ። አበባው ሳይፈካ ራሱን እንደሚያዳቅል፣ እጄ እንደዘገየ፣ የዱሩና የቤቱ ዘመድ ቢሆኑም እንደተራራቁ፣ እውነተኛው ልጃቸው ፍሬ አልባ እንደሚሆን ነገርኳቸው። ብዙ ያፈራልኝ የእኔ ስላልሆነ ነው አልኳቸው። ሀጂ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ምን ያህሉን እንደተከተሉኝ አላውቅም።

ስጨርስ ወደ አባቴ ዞሩ። "በዚያ ሁሉ ዘመን፣ ሚዛን ላይ ስንተያይ፣ አንድ ቀን ዋሽተኸኝ ታውቃለህ?"

"አላውቅም" አለ አባቴ።

"ኤዬ፣ ልክ ነህ። አታውቅም" አሉ ሀጂ። "እንግባ፣ ዳቦው ይደርቃል።"

ገብተን በላን። ስለ ዝናቡና ስለ ቡናው ተወራ። ስንነሳ ሀጂ እስከ መንገዱ ሸኙን። እንደ ወትሮው ግን "መቼ ትመጣለህ?" ብለው አልጠየቁትም።

በመኪናው ውስጥ አባቴ መስኮት ዳር ተቀመጠ። አጋሮን አልፈን ብዙ ከሄድን በኋላ፣ ከውጭ ሳይዞር፣ "ለአንተ ብዬ ነበር" አለኝ።

"አውቃለሁ አባባ።"

"ካወቅክ ለምን አትተወኝም?"

"ሌላ ዘር ላክልኝ አሉህ እኮ። ከየት ታመጣለህ?"

መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲያንገጫግጨን የፊተኛውን ወንበር ያዘ። "እሱስ እውነት ነው" አለ በመጨረሻ። "እሱን ለመሸፈን ደግሞ ሌላ መፍጠር ነበረብኝ።"

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ የሚነገር ነው። ኬሚካሉ ሲመጣ ያላፈራውን ተክል ሥር በማይክሮስኮፕ አየሁት። ክሮሞዞሙ ሠላሳ ነበር፤ ከአርባውና ከሃያው እኩሌታ እኩሌታ የወሰደ። ዶክተሯ ልክ ነበሩ፤ በስልክ ሲሰሙ ደስ አላቸው። ክሮሞዞሙን እጥፍ ለማድረግ ቅርንጫፍ እየቆረጥኩ በመድኃኒት ሞከርኩ፤ አብዛኛው ሞተ፤ የተረፈውም አላፈራም። መመረቂያ ጽሑፌን የጻፍኩት ስላልተሳካው ማዳቀል ነው። ያ ሁሉ ቀይ ክር ለምን ከንቱ እንደሆነ፣ ዲቃላን ከዲቃላ ያልሆነው በምን መለየት እንደሚቻል። ፈታኞቹ አልፈሃል አሉኝ። ከእኔ በኋላ የመጣች ተማሪ ሌላ መንገድ ያዘች፤ መጀመሪያ ሁለቱን የዱር ዓይነቶች እርስ በርስ አዳቀለች፤ የጥንቱ ነገር የሆነበትን መንገድ ማለት ነው። እሷ ጋ ጥቂት ፍሬ ተገኘ። ሥራዋን ስታቀርብ ከኋላ ተቀምጬ ሰማኋት።

የከተማው ሰው ግን ቶሎ አልረሳም። መናኸሪያ ያሉት ሴቶች ለረጅም ጊዜ ስለ አዲሱ ኦቾሎኒ ይጠይቁኝ ነበር። ለአንዷ አስረድቼ ነገርኳት። "ውይ በሞትኩት፣ አይዞህ!" ብላ አንድ ጥቅልል በነፃ ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል ማለፍ ተውኩ።

አባቴና ሀጂ ሁለት ዓመት ያህል ሳይጠያየቁ ቆዩ። ማሩ መምጣቱን አቆመ። በመጨረሻ የሀጂ ታላቅ ወንድም ማረፋቸውን ስንሰማ አባቴ ማንንም ሳያማክር ተነስቶ ሄደ። ሲመለስ ምን እንደተባባሉ አልነገረንም። የነገረን አጠገባቸው መቀመጡን ብቻ ነው። ቀስ በቀስ እንደገና መጠያየቅ ጀመሩ፤ እኔ ባለሁበት ግን ሁለቱም እንደ ድሮው አይቀላለዱም።

እኔ እዚያው ጅማ አስተማሪ ሆኜ ቀረሁ። አንድ ቀን አባቴን ዓይኑን ላሳክመው ወደ ሆስፒታል ወሰድኩት። ተራ ስንጠብቅ የድሮ የሥራ ባልደረባው አግኝቶን አጠገባችን ተቀመጠ፤ ለብዙ ዓመታት አልተያዩም። ስለ ጤና፣ ስለ ጡረታ፣ ስለ ሞቱት ሰዎች ከተጫወቱ በኋላ ሰውየው ወደ እኔ እያየ አባቴን፣

"ልጅህስ? ምን ላይ ደረሰ?" አለው።

አባቴ ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው። እጁን ጭኔ ላይ አሳረፈና፣ "እሱ ራሱ ይንገርህ" አለ።

"አስተምራለሁ" አልኩት ሰውየውን። ሌላም የሚጠብቅ መሰለኝ። እኔ ግን አልጨመርኩም።